ስለ ኮሌጅ የሚፈርመው ማን ነው?

በሐርጌሳ ከተማ፣ ጅግጅጋ የር በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ባለ ቤት የሆኑ እናት አሉ እንበል። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ስምንት ክፍል ያለው ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩትም በዚሁ ቤት ኪራይ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ በአቅራቢያቸው ካለ ኮሌጅ የመጣ አንድ የክፍል ሹም በራቸውን ያንኳኳል። ልብሱ የጸዳ፣ ንግግሩ የታረመ፣ ሰው አክባሪ ነው። «ኤዶ» ይላቸዋል፤ ይህም በሶማልኛ አክስቴ እንደ ማለት ሆኖ ለታላቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። «ኤዶ፣ ኮሌጃችን ቤትዎን ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ አድርጎ ለሁለት ዓመት ሊከራየው ይፈልጋል።»

እርሳቸውም ደስ ይላቸዋል። የሚገቡት ልጃገረዶች ስለ ሆኑ ቤቱ አይጎዳም፤ ከፋዩም ኮሌጅ ስለ ሆነ አይጠፋም። ውሉ ይጻፋል፤ የክፍሉ ሹም ይፈርማል፤ ክብ ማኅተምም ይመታበታል። እናቲቱ ከጎረቤት ነጋዴ በዱቤ ሃያ አልጋ ይገዛሉ፤ ግድግዳ አስፈርሰው ተጨማሪ መታጠቢያ ቤት ያሠራሉ። አራት ወር ኪራዩ በደንብ ይደርሳቸዋል። በአምስተኛው ወር ይቀራል። ቢጠይቁ፣ የክፍሉ ሹም ሥራውን ለቆ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ወደ ሒሳብ ሹሙ ዘንድ ቢሄዱ፣ «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ውል በመዝገባችን የለም፤ ፕሬዚዳንቱም አልፈረሙበትም፤ ያ ሰው ቤት እንዲከራይ አልተፈቀደለትም» ይሏቸዋል። የአልጋው ነጋዴ ግን ገንዘቡን ይጠይቃል።

ይህ ለነገራችን መግለጫ እንዲሆን ያቀረብነው ምሳሌ ነው። ነገር ግን ኮሌጅ ባለበት አገር ሁሉ፣ በሐርጌሳም ቢሆን በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርም ቢሆን በለንደን፣ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ሐርጌሳን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይህች ከተማ በ1980 ዓ.ም. በጦር አውሮፕላንና በመድፍ ፈርሳ፣ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ፣ ብዙው በሃርትሼክ የስደተኞች ሰፈር ዓመታት ከኖረ በኋላ ተመልሶ እንደ ገና የሠራት ናት። ቤቱ ብቻ ሳይሆን መዝገቡና ሰነዱም አብሮ ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ነው ሕዝቡ ራሱ የከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን መሥራት የጀመረው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000 ደግሞ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋሙ፤ ከእነዚህም በኋላ ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ተከተሉ። ኮሌጅ ሲበዛ ውል ይበዛል፤ ቤት ይከራያል፣ መምህር ይቀጠራል፣ መጽሐፍና የላቦራቶሪ ዕቃ ይገዛል፣ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋራ ስምምነት ይደረጋል። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ የአንድ ሰው እጅ ያርፋል። ያ እጅ የማን ነው?

ለመሆኑ ኮሌጅ ማለት ምንድን ነው? ግንቡ ነውን? ግንቡማ የኪራይ ሊሆን ይችላል። መምህራኑ ናቸውን? መምህር ይመጣል ይሄዳል። ተማሪዎቹም በአራትና በአምስት ዓመት ተመርቀው ይወጣሉ። ሕግ ለዚህ ጥያቄ ያገኘው መልስ፣ ኮሌጅን ከነዚህ ሁሉ የተለየ እንደ አንድ ሰው መቍጠር ነው። ንብረት ይኖረዋል፣ ዕዳ ይኖርበታል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ይህም የሕግ ሰውነት ይባላል። ነገር ግን ይህ ሰው አፍም እጅም የለውም። ለመናገርና ለመፈረም ሥጋና ደም ካለው ሰው እጅ መዋስ አለበት።

ይህን ጋዜጣ አማርኛን ለመለማመድ የምታነቡ ባለሥልጣኖች እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። ስለ ሌላው ሆኖ የሚሠራውን ሰው አማርኛ «እንደራሴ» ይለዋል። ቃሉ ሲፈታ «እንደ» እና «ራሴ» ነው፤ ላኪው ስለ መልእክተኛው «እርሱ ማለት እንደ እኔ እንደ ራሴ ነው» ማለቱ ነው። እንግዲህ የእንደራሴነት ነገር ሁሉ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አለ፤ ቃሉን ሊናገረው የሚገባው ላኪው ነው እንጂ ተላኪው አይደለም። ተላኪው ስለ ራሱ «እኔ እንደራሴ ነኝ» ቢል፣ ላኪው ካልተናገረለት በቀር ዋጋ የለውም። ያልተላከውን ሰው የአገራችን ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይለዋል።

«ውል» የሚለውም ቃል ሊታይ የሚገባው ነው። ፈታይ ሴቶች እንደሚያውቁት ውል ማለት የፈትል ጫፍ፣ ልቃቂት የሚፈታበት መነሻ ነው። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ጣት ቢቀያየርበት ከመወሳሰብ በቀር አይፈታም። የእኛይቱ እናት ወረቀትም የሆነው እንደዚሁ ነው፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ መነሻው ግን አይገኝም። መነሻውን ለማግኘት ከፈራሚው እጅ ወደ ላይ፣ ሥልጣኑን ወደ ሰጠው፣ ለእርሱም ሥልጣን ወደ ሰጠው፣ እስከ መሥራቹ ሕግ ድረስ መከተል ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ይህ መነሻ እንዴት እንደ ተበጀ ከታሪክ እንመልከት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ቻርተር የተሰጠው ግን በ1946 ዓ.ም. ነው። ኋላም በ1953 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ልዩ ልዩ ኮሌጆች በአንድነት ተጠቃልለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ቻርተር ማለት ለኮሌጅ የልደት ወረቀቱ ነው። የበላይ የሆነው ቦርድ ማን እንደ ሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ በማን እንደሚሾም፣ ሥልጣኑም እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ዛሬም መንገዱ ያው ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ መሆን ከጌጥነቱ ይልቅ ሸክምነቱ የሚታየው እንደዚህ ባለው ጉዳይ ነው፤ በራሱ ስም የሚዋዋል ለገባው ውል መልስ የሚሰጠውም ራሱ ነውና።

ሥልጣኑ ከቻርተሩ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቃል። ችግር የሚነሣው ከፕሬዚዳንቱ በታች ነው። ፕሬዚዳንት ለእርሳስና ለወረቀት ግዢ ሁሉ ሊፈርም አይችልም፤ ስለዚህ ለምክትሉ፣ ለሒሳብ ሹሙ፣ ለዲኑ ያካፍላል። የተካፈለው ሥልጣን በጽሑፍ ካልሆነ፣ እስከ ስንት ብር፣ ለምን ዓይነት ጉዳይ፣ እስከ መቼ እንደ ሆነ ካልተነገረ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልማድ ሥልጣን መስሎ ይታያል። «እስከ ዛሬ እኔ ስፈርም ነበር» የሚለው ቃል የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር ከቍጥር 2179 ጀምሮ በሰፊው ይናገራል። እኛ ለነገራችን የሚያስፈልገውን ብቻ እንውሰድ። ተወካይ በተሰጠው ሥልጣን ልክ በወካዩ ስም የገባው ውል ወካዩ ራሱ እንደ ገባው ይቈጠራል (ቍጥር 2189)። ተወካዩ ተጠያቂ አይሆንም፤ እጁን አውሶ ወጣ ማለት ነው። ሥልጣኑ በጽሑፍ ከሆነ የሚዋዋለው ሰው ጽሑፉን ለማየትና ግልባጩን ለማግኘት ይችላል። ሕጉ ለአንድ ውል የተለየ ፎርም አዝዞ እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ በጽሑፍ መሆን አለበት ብሎ እንደ ሆነ፣ የውክልናውም ሥልጣን በዚያው ፎርም መሰጠት አለበት (ቍጥር 2200)። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራ የሚደረግ ውል ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን ቍጥር 1724 ያዝዛል። ስለዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የሆነ ሰው «ፕሬዚዳንቱ በቃል ፈቅደውልኛል» ቢል፣ የቃል ፈቃዱ እውነት እንኳ ቢሆን አይበቃውም።

ከሁሉም ይልቅ ባለሥልጣን ሊያውቀው የሚገባው በጠቅላላ ውክልናና በልዩ ውክልና መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የሚችለው የዕለት ተዕለት የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና መያዣ ለማድረግ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ በክርክር ለመታረቅ፣ ነገሩን ለግልግል ዳኛ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል (ቍጥር 2204 እና 2205)። «ሁሉን እንዲያደርግ ፈቅደናል» የሚል ሰፊ ደብዳቤ በእጁ የያዘ ዲን፣ ደብዳቤው የሰፋውን ያህል ኃይል ያለው ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ ያለውን ሰፊ ደብዳቤ በጠባቡ ይተረጕመዋል። ይህ በእኛ አስተያየት እጅግ ጥበብ ያለበት ደንብ ነው፤ ሰው ሁሉን ፈቀድሁ ሲል ብዙ ጊዜ ምን እንደ ፈቀደ አላሰበበትምና።

ከሥልጣኑ ወጥቶ የፈረመስ እንዴት ይሆናል? ወካዩ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ያጸድቀዋል፣ ወይ አላውቀውም ይላል። ካጸደቀው ውሉ ከመጀመሪያው በሥልጣን እንደ ተደረገ ይሆናል። አላውቀውም ካለ ውሉ ይፈርሳል፤ የተጎዳው ሰውም ኪሣራውን ከፈራሚው ላይ ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ያ ጨዋ የክፍል ሹም ለተማሪዎቹ ደግ ያደረገ መስሎት የሁለት ዓመት ኪራይ በራሱ ደመወዝ ላይ ጭኖ ሊሆን ይችላል። ለቤተ ሰቡም የሚደርሰው ዕዳ ይኸው ነው። ይህን የሚያውቅ ሚስት ወይም ባል፣ ማታ «ዛሬ ስለ መሥሪያ ቤቱ አንድ ትልቅ ውል ፈረምሁ» ሲባል «በማን ፈቃድ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሐርጌሳም ለዚህ ሕግ እንግዳ አይደለችም። በእንግሊዝ ጠባቂነት ዘመን፣ እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በዚያ አገር የሚሠራበት የ1872ቱ የሕንድ የውል ሕግ ነበር። ከቦምቤይና ከኤደን ጋራ የሚነግደው ነጋዴ ሁሉ በእርሱ ይዳኝ ነበር። ይህም ሕግ ያልተፈቀደለትን ፈራሚ በስሙ ጠርቶ፣ ተወካይ ነኝ ብሎ በሐሰት የተዋዋለ ሰው ላኪ የተባለው ካላጸደቀለት ኪሣራውን ራሱ ይክፈል ይላል። ደግሞም አንድ ብልህ አንቀጽ አለው፤ ከውሉ ከፊሉን ያጸደቀ ሙሉውን እንዳጸደቀ ይቈጠራል። ወደ ጅግጅጋ የሯ እናት እንመለስና ይህን አንቀጽ በእርሳቸው ነገር ላይ እናውለው። ያ የአራት ወር ኪራይ የተከፈለው ከማን ካዝና ነበር? ከኮሌጁ ካዝና በደረሰኝ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ተማሪዎቹም በኮሌጁ ዕውቀት በቤቱ አድረው እንደ ሆነ፣ ኮሌጁ «አላውቀውም» የሚልበት አፍ የለውም፤ በአራቱ ወር ከተጠቀመ የቀረውን ሃያ ወር ሊክድ አይችልም። የክፍሉ ሹም ከተማሪዎቹ በእጁ እየሰበሰበ የከፈለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ እናቲቱ አጥብቀው መያዝ የሚገባቸው ከውሉ ወረቀት ይልቅ የአራቱን ወር ደረሰኝ ነው።

ከጽሑፍ ሕግም አስቀድሞ የሶማሌ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ሄር የሚባለው ባህላዊ ሕጋቸው በመሠረቱ ውል ነው። የደም ካሣ በኅብረት የሚከፍሉና የሚቀበሉ ዘመዳሞች ማን ምን ያህል እንደሚያወጣ ተስማምተው ይወስናሉ፤ በእንግሊዝ ዘመን እነዚህ ስምምነቶች ተጽፈው፣ ሽማግሎቹ ስለ ወገናቸው ፈርመውባቸው፣ በአውራጃው ሹም መሥሪያ ቤት ይቀመጡ ነበር። እስቲ ይህን ከዘመናዊው ኮሌጅ ጋራ አስተያዩት። በመቶ የሚቈጠር፣ ከግመሉ ጋራ የሚዘዋወር፣ ግንብም ቢሮም የሌለው ኅብረት፣ ስለ እርሱ የሚፈርሙት እነማን እንደ ሆኑ በመዝገብ ለይቶ ያውቃል። ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ሥር በሸንጎ ከተመከረበት በኋላ ነው የሚፈርመው። ባለ አራት ፎቅ ኮሌጅ ያለ ምክር የሚፈርም ዲን ሲኖረው ሊያፍር ይገባዋል።

ስለ ማኅተም ጥቂት እንጨምር፤ በአገራችን ሰው ከፊርማ ይልቅ ማኅተምን ያምናልና። የዐፄ ምኒልክን አንበሳ ያለበትን ማኅተም ያየ ሰው ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ አያጣውም። በእንግሊዝ አገርም ጥንታዊው ሕግ ማኅበር የሚናገረው በማኅተሙ ነው ይል ነበር። ኮሌጅ ወይም ከተማ ማኅተሙ ያልታተመበትን ብዙ ውል አልገባሁም ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ይህ የቀረው በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሥልጣን ያለው ሰው በማኅበሩ ስም እንደ ማንኛውም ሰው ሊዋዋል ይችላል። የኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጽሑፍ ውል የሚጠይቀው የተዋዋዮችን ፊርማና የምስክሮችን እማኝነት ነው። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በመሳቢያ ውስጥ የሚኖር ዕቃ ነው፤ የመሳቢያው ቍልፍ ያለው ሁሉ ሊመታው ይችላል። የስም ቲተር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ገበያ ወጥቶ የሚያሠራው አይታጣም።

ከሐርጌሳ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው፣ ሐረርን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ዓለማያ ይደርሳል፤ ዛሬ ሐሮማያ ይባላል። በዚያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ነው። የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአሜሪካን አገር እንዳለው ያለ የእርሻ ኮሌጅ እዚህ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ፕሬዚዳንት ትሩማንም ነጥብ አራት ለተባለው የእርዳታ ሥራ አለቃ አድርገው ሾሟቸው። ነገር ግን ታኅሣሥ 1951 እ.ኤ.አ. ከቴሄራን አጠገብ በወደቀ አውሮፕላን ከባለቤታቸው ጋራ ሞቱ። ሐሳቡ የሰውዬው ብቻ ቢሆን ኖሮ አብሮ በተቀበረ ነበር። ሆኖም በተከታዩ ዓመት በ1952 እ.ኤ.አ. ስምምነቱ ተፈረመ፤ ተዋዋዩ ኮሌጁ ነበርና። ኦክላሆማ መምህራንን እየላከ ኮሌጁን እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ አገዘ፤ በዚያን ጊዜም ሥራው ለኢትዮጵያውያን ተላለፈ። በእነዚያ ዓመታት ሹሙም መምህሩም ተለዋውጧል፤ ውሉ ግን ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሥራውን ሠርቷል።

ይህን የምናነሣው በሐርጌሳ ብዙው ነገር በአንድ ሰው ብርታት ስለሚጀመር ነው። ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኢል በዓለም የጤና ድርጅት ሲያገለግሉ ያጠራቀሙትን ገንዘባቸውን አፍስሰው፣ ንብረታቸውን ሸጠው፣ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ የሠሩት ሆስፒታል በ2002 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አዋላጆችን ማሠልጠኛ ሆነ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ወጣው። እንዲህ ያለች ሴት በማንኛውም አገር የምታኮራ ናት። በጠቅላላው ስንናገር ግን፣ በእንዲህ ያለ ትጋት የተጀመረ ማናቸውም ተቋም፣ በየትም አገር ቢሆን፣ አንድ ፈተና አለበት። ሻጩም አከራዩም ለጋሹም የሚያምነው የመሥራቹን ስም ነው፤ የድርጅቱን ደንብ የሚጠይቅ የለም። መሥራቹ ሲያረጅ ወይም ሲታመም በእርሱ ስም የሚፈርመው ልጁ ነውን? ጸሓፊው ነውን? ብልህ መሥራች ይህን ጥያቄ ጤና ሳለ በቦርድ ውሳኔ ይመልሰዋል፤ የእርሱንም ፊርማ ሁለተኛ ሰው እንዲፈርምበት ያደርጋል። በጣም የሚከብደውም ይኸኛው ነው፤ የገነባውን ቤት በር ለመክፈት ሌላ ሰው ማስፈቀድን ማን ይወዳል?

ከውል ጋራ የሚደባለቅ አንድ ሌላ ወረቀት አለ፤ የመግባቢያ ሰነድ የሚባለው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ እንግዶች በመጡ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ባንዲራ ተደርጎ፣ ፎቶግራፍ እየተነሣ የሚፈረመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። «አብረን ለመሥራት እናስባለን» ከማለት ካላለፈ ማንንም በገንዘብ አያስገድድም። አደጋው በመካከሉ «ኮሌጁ በየዓመቱ ይህን ያህል ይከፍላል» ወይም «ተቀባዩ ሦስት መኖሪያ ቤቶች ያዘጋጃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገባበት ነው። ያን ጊዜ ስሙ መግባቢያ ቢሆንም ነገሩ ውል ነው። ስለዚህ ፈራሚው አርእስቱን ሳይሆን ማሠሪያ አንቀጾቹን ማንበብ አለበት። «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ ኢትዮጵያ በ1881 ዓ.ም. በውጫሌው ውል አይታዋለች፤ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ የእንደራሴነት ነገር ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ ለመናገር ኢጣልያ እንደራሴ ነኝ አለች፣ ላኪ የተባለው ግን አልላክሁም አለ። ፍጻሜው ዐድዋ ላይ መሆኑ ይታወቃል።

መምህራን ደግሞ ሳያስቡት የሚፈርሙበት ብዙ ቦታ አለ። ተማሪዎቻቸውን ለጉብኝት ሲወስዱ አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ለስብሰባ ከሆቴል ጋራ ይዋዋላሉ፤ ለጥናት የሚሆን መሣሪያ ለሙከራ ተቀብለው የመረከቢያ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። በዚያ ወረቀት ጀርባ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን የሚያነብ ጥቂት ነው። የተማሪዎች ማኅበርም እንዲሁ በኮሌጁ ስም ድንኳንና የሙዚቃ መሣሪያ ይከራያል። በብዙ የአሜሪካን ኮሌጆች መምህር፣ ዲንም ቢሆን፣ በግልጽ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር በኮሌጁ ስም መፈረም እንደማይችል በደንብ ተጽፎ ይሰጠዋል። ለሐርጌሳና ለአዲስ አበባ ኮሌጆችም መጽሐፍ የሚያህል ደንብ አያስፈልጋቸውም፤ በሒሳብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ማን እስከ ስንት እንደሚፈርም የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ጠብ ያስቀራል። ዲኑ የወንድሙን ቤት ለኮሌጁ መከራየት ሲፈልግ ግን ገጹ ላይ ያለው ልክ አይጠቅመውም፤ ሥልጣን ቢኖረውም እንኳ የራሱ ጥቅም ያለበትን ጉዳይ ለበላዩ አስታውቆ እጁን መሰብሰብ አለበት።

በመጨረሻ ስለ ፊርማው አጻጻፍ። በኮሌጅ ስም የሚፈርም ሰው ስሙን ብቻ ጽፎ መተው የለበትም። በመጀመሪያ «ስለ» የምትለውን ቃል ጨምሮ የኮሌጁን ስም ይጽፋል፤ ቀጥሎ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ ማዕርጉን፣ ቀጥሎም ሥልጣኑን ያገኘበትን ደብዳቤ ቍጥርና ቀን ይጽፋል። «ስለ» ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ፈራሚውን ከኮሌጁ የምትለየው ግን እርስዋ ናት። አከራዩ ወይም ሻጩም የዚያን ደብዳቤ ግልባጭ ተቀብሎ ከውሉ ጋራ ማያያዝ አለበት። የተጠየቀ ሹም ቅር ቢሰኝ ነገሩን በትሕትና ማስረዳት ይቻላል፤ «ጌታዬ፣ እርስዎን አለማመኔ አይደለም፤ ነገ እርስዎ ቢዛወሩ የሚያውቀኝ እንዳላጣ ብዬ ነው» ማለት ይበቃል።

ፈራሚው ሥራውን ሲለቅ ደግሞ የውክልና ደብዳቤውን መመለስ አለበት፤ ኮሌጁም በዚያው ቀን የፊርማ ናሙናው ለተቀመጠበት ባንክ፣ ዘወትር ለሚገበያያቸው ነጋዴዎችና ቤት ላከራዩት ሰዎች በደብዳቤ ያስታውቃል። ሥልጣን መስጠቱን አስታውቆ መሻሩን ሳያስታውቅ የቀረ ወካይ፣ የተሻረው ሰው ከዚያ በኋላ ለሚገባው ውልም አብሮ ሊጠየቅ ይችላል (ቍጥር 2195)። ብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሰናበት ጠረጴዛውንና ወንበሩን ቈጥሮ ይረከባል፤ ለባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ያድራል።